ጠያቂ ሲከለከል አስታማሚውስ? በኮቪድ ጊዜ ስለነበረው የሆስፒታል በር መመሪያ፣ ከ27 ምላሽ ጋር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት አቋሜን አስቀድሜ ተናግሬ ነው። በኮቪድ-19 ጊዜ በየሆስፒታሉ በር የተለጠፈው ክልከላ ችግሩ መጥበቁ ወይም መላላቱ አልነበረም። ጠያቂንና አስታማሚን በአንድ ቃል መጠቅለሉ ነበር። ጠያቂ ብርቱካኑን ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦ፣ እግዜር ይማርህ ብሎ፣ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል። አስታማሚ ግን ደመወዝ የማይከፈለው የዋርዱ ሠራተኛ ነው። ያበላል፣ ያጥባል፣ ፖፖ ያቀርባል፣ ያገላብጣል፣ ግሉኮሱ ሊያልቅ ሲል ነርስ ይጠራል፣ ማዘዣ ይዞ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፣ ናሙና ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ ገንዘብ ቤት ይሰለፋል፣ ዊልቸር እየገፋ ራጅ ያስነሳል። ይህን ሰው ከበር መልሶ ሥራውን ማን እንደሚሠራለት ያልጻፈ መመሪያ ግማሽ መመሪያ ነው።

ለማስታወስ ያህል፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ በሽተኛ ያሳወቀችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብም ተከለከለ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ብቻ ተለየ፣ ቆይቶም ሚሊኒየም አዳራሽ አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። እዚያ አስታማሚ አይገባም ነበር፤ ምግቡም እንክብካቤውም በተቋሙ ሠራተኛ ነበር። ክልከላው ከነምትኩ መጣ ማለት ነው። ሌላ በሽታ የሚታከምባቸው ሆስፒታሎች ግን ብዙ ቦታ ክልከላውን ወሰዱና ምትኩን ተዉት። ጥያቄዬም ይኸው ነበር፦ ነገ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ምን ይበል? በጥቅሉ ጥንቃቄ ይደረግ ከማለት ይልቅ በልክና በቁጥር እንድንነጋገር ለመንኩ።

27 ምላሽ መጣ። ተራቸውን ጠብቄ ላቅርባቸው፤ ምስጋና ብቻ የያዙትን በቁጥሩ ውስጥ አላስገባኋቸውም።

1ኛውን የጻፉት የዋርድ ኃላፊ የሆኑ ነርስ ናቸው። በትሕትና ጀምረው በአቋሜ ተስማሙና ሒሳቡን አወጡት። 30 አልጋ ያለው የውስጥ ደዌ ዋርድ ሌሊት ሁለት ነርስ አለው እንበል። ከበሽተኞቹ 10ሩ ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ከሆኑ፣ የአልጋ ቁስል እንዳይወጣባቸው በየ2 ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው። አንዱን በደንብ ለማገላበጥ፣ አንሶላውን ለማስተካከልና ጀርባውን ለማየት ሁለት ሰው 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። 10 በሽተኛ 100 ደቂቃ ነው፤ ከ120ው ደቂቃ የሚተርፈው 20 ብቻ ይሆናል። መድኃኒት የሚሰጠው፣ ደም ግፊት የሚለካው፣ አዲስ ገቢ የሚቀበለው መቼ ነው? መመሪያ የሚያወጣ ኮሚቴ ከመሰብሰቡ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ዋርድ ውስጥ ተቀምጦ አስታማሚ የሚሠራውን በወረቀት ይመዝግብ ብለው ጨረሱ። ከክሩ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ አስቀር ብባል የማስቀረው ይህን ነው።

2ኛው የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያ ነው፤ ስምምነቱ ከነማረሚያው ነበር። አስታማሚ ጠቃሚ መሆኑ ከአደጋ ነፃ አያደርገውም፤ እንዲያውም ግቢው ውስጥ እንደ እሱ ብዙ ቦታ የሚረግጥ ሰው የለም አለ። በአንድ ቀን መድኃኒት ቤት፣ ላቦራቶሪ፣ ገንዘብ ቤት፣ ካፍቴሪያ፣ የአገር ልጅ የተኛበት ሌላ ዋርድ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ መገደብ ያለበት መኖሩ ሳይሆን መዞሩ ነው። ያቀረበው መፍትሔ ለየዋርዱ በፈረቃ አንድ ተላላኪ መመደብ ነው፤ ናሙናና ማዘዣውን በየሰዓቱ ሰብስቦ ይዞራል፣ አስታማሚው ከአልጋው አጠገብ ይቆያል። አስቸኳይ ናሙና ግን ሰዓት አይጠብቅም፣ ወዲያው ይሄዳል።

3ኛው ስለ ካርዱ ነው፤ ረጅምና እጅግ ጠቃሚ። የአስታማሚ ካርድ ድሮም ነበረ፤ የዋርድና የአልጋ ቁጥር የተጻፈበት በፕላስቲክ የተለበጠ ወረቀት። አስታማሚው ይገባበታል፣ ከዚያ በአጥሩ ብረት መሐል ለእህቱ ያቀብላታል፣ እሷ ለአጎቷ ታቀብላለች፤ እስከ ማታ አንድ ካርድ አምስት ስድስት ሰው ያስገባል። ምላሽ ሰጪዋ ያስቀመጠችው እንዲህ ነው። ካርዱ ላይ የአልጋው ቁጥር ብቻ ሳይሆን የአስታማሚው ስምና የመታወቂያ ቁጥር ይጻፍ። ለየዋርዱ የተለየ ቀለም ይሰጠው፤ የቀዶ ሕክምናው ሰማያዊ ካርድ ሕፃናት ክፍል ሲታይ ማንም ያውቀዋል። መቀያየር በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ይፈቀድ፣ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት፣ ማታ ከ12 እስከ 1 ሰዓት። ሲቀያየሩ ወጪው ካርዱን ለጥበቃው ያስረክባል፣ ገቢው በስሙ አዲስ ይወስዳል። መዝገቡም በር ላይ ሳይሆን ዋርዱ ውስጥ ይቀመጥ፤ በሽታ ቢገኝ ከማን ጋር እንደዋለ መፈለጊያው እሱ ነውና።

4ኛው አጭር ነበር፤ አስታማሚው አንድ ብቻ ከሆነና ከገጠር ከመጣ የሚቀይረው የለውም፣ ለእሱ የገላ መታጠቢያና የሚያርፍበት ሰዓት ካልተጻፈለት በሦስተኛው ቀን እሱም ይታመማል አለ።

5ኛው ወደ ሙቀት መለኪያው ወሰደን። ግንባር ላይ የሚነጣጠረው መለኪያ በር ላይ ሲሠራበት ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ቆይቶ ሲለካ ጤነኛው ትኩሳት አለው ይባላል። ላብ ያወረዛው ወይም ከብርድ የገባ ሰው ሲለካ ደግሞ ትኩሳቱ ይደበቃል። ስለዚህ ሰልፉ ጥላ ሥር ይሁን፣ ግንባሩ በሶፍት ይጥረግ፣ ሻሽና ነጠላ የሸፈነው ግንባር ተገልጦ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፣ ርቀቱም መሣሪያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ ግማሽ ሜትር ርቆ ማነጣጠር ግንብ እንደመለካት ነው። ከሁሉ በላይ ግን ብዙ የተያዙ ሰዎች ትኩሳት ስለማይኖራቸው ሦስቱ ጥያቄዎች ከመለኪያው ይበልጣሉ፦ ሳል አለህ፣ ሽታ ወይም ጣዕም ጠፍቶብሃል፣ ባለፉት 14 ቀናት ከታመመ ሰው ጋር ነበርክ። ጥያቄው ሲጠየቅም አዎ ያለ ሰው በሽተኛው ያለ አስታማሚ እንደማይቀርበት አስቀድሞ ይነገረው፣ አለዚያ ሁሉም አይ ነው የሚለው።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ስለ በረኪና ናቸው፤ ንግግሩ መክረር የጀመረውም እዚህ ነው። 6ኛው በር ላይ የሚቀመጠው ውኃ ስንት በረኪና ይግባበት ብሎ ጠየቀ። 7ኛው ለሁሉም አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውኃ ይበቃል ብሎ በድፍረት መለሰ። 8ኛው ቁጣው ከጽሑፉ ይታያል፤ እንዲህ ያለ ግምት ነው የጽዳት ሠራተኞቻችንን እጅ ያቆሰለው ብሎ ቁጥሩን አስቀመጠ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል በረኪና አንድ እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር ሲቀላቀል 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ደምና የሰውነት ፈሳሽ ለፈሰሰበት ቦታ ነው። ለወለል፣ ለበር እጀታና ለአልጋ ብረት 0.1 በመቶ ይበቃል፤ አንድ እጅ በረኪና ከ49 እጅ ውኃ ጋር። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲታሰብ የመጀመሪያው 2 ሊትር በረኪና በ18 ሊትር ውኃ፣ ሁለተኛው 400 ሚሊ ሊትር በረኪና በ19.6 ሊትር ውኃ። ቆሻሻ ክሎሪንን ስለሚያደክም መጀመሪያ በሳሙና ይታጠባል፣ ከዚያ ይቀባል፣ ወዲያው ሳይደርቅ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ለእጅ ደግሞ በረኪና ምን ቤት ነው፣ ሳሙናና ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ ወይም አልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ። 9ኛው በዚያው ላይ ጨመረ፤ ሰው ላይ የሚረጨውን ነገር የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ ተቃውሞታል፣ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል እንጂ ሰውየው ውስጥ ያለውን ቫይረስ አይነካም። 7ኛው ተመልሶ ይቅርታ ጠይቋል፤ ያስመሰግነዋል።

ምግቡ ላይ የተጻፉት ሦስቱ ምላሾች፣ ማለትም 10፣ 11 እና 12፣ እኔ ያላሰብኩትን ያመጡ ናቸው። 10ኛው የምግብ መቀበያ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚሠራ ዘረዘረ። ምሳ ዕቃውም ፔርሙዙም ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የበሽተኛው ስም፣ ዋርድና አልጋ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጻፋል፤ ፌስታል ላይ የተጻፈ ፌስታሉ ሲቀደድ ይጠፋል። የመቀበያው ሰዓት አጭርና የታወቀ ይሁን፣ ከተቀበሉት በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አልጋው ጋ ይድረስ። ትኩስ ወጥ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ ለደከመ በሽተኛ መርዝ ሊሆን ይችላል።

11ኛዋ ፋርማሲስት ናት፤ ስለ ስኳር በሽተኞች ጻፈች። በሽተኛው ምሳው ከቤት ነው የሚመጣለት። ነርሷ ሰዓቷን ጠብቃ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚሰጠውን ኢንሱሊን ትወጋዋለች። ምሳው ግን በር ላይ ወረፋ ይዟል፤ አስታማሚ ደግሞ የለም። ከሰዓት በኋላ በሽተኛው በላብ ተጠምቆ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ እየተምታታ ይገኛል። ደንቡ ቀላል ነው ትላለች፤ ምግቡ አልጋው አጠገብ መድረሱ በዓይን ሳይታይ ኢንሱሊን አይወጋ። ስኳሩ ከ70 (mg/dL) በታች ከወረደና መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ሲሻሻል ምግብ ማብላት። ራሱን የሳተ ከሆነ በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል። የበር መመሪያ የኢንሱሊን ሰዓት እንደሚነካ ከአውጪዎቹ ስንቱ አስቦት ይሆን?

12ኛው 10ኛውን ተቃወመ፤ ምሳ ዕቃውን ሁሉ በበረኪና እየጠረጉ ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው፣ ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፣ ያ ጉልበት ለማስክና ለመስኮት ይዋል አለ። 10ኛው ግን መጥረግ የሚል ቃል አልጻፈም ነበር፤ ሳያነቡ መቃወም ክሩን ሲያረዝመው ይኸው አንዱ ማሳያ ነው።

13ኛው ከአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ነርስ የጻፈችው ነው። እዚያ አስታማሚ የሚባል የለም፤ ማጠብና ማብላቱ የሠራተኛው ነው፤ ቢሆንም በሩ ሲዘጋ ጉዳቱ ሌላ መልክ ይዞ መጣ። ነገሩ የጀመረው በዋሽንግተን ግዛት ኪርክላንድ በሚገኝ አንድ መንከባከቢያ ውስጥ በሽታው ሲዛመት ነው። የሜዲኬርና ሜዲኬይድ ማዕከል (የአረጋውያንንና የድሆችን የመንግሥት የጤና መድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2020፣ ማለትም እኛ የመጀመሪያውን በሽተኛ ባሳወቅንበት በዚያው ዕለት፣ ከሞት አፋፍ ያለን እንደመሰናበት ካለ ጉዳይ በቀር ጠያቂ እንዳይገባ አዘዘ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2020 ተሻሻለ፤ ደጅ ላይ መገናኘት ተበረታታ፣ ቤት ውስጥ መጠየቅም በተቋሙ ለ14 ቀናት አዲስ በሽተኛ ካልተገኘና በካውንቲው (እንደ ወረዳ ባለው አስተዳደር) ከተመረመሩት ውስጥ የተያዙት ከ10 በመቶ ካልበለጡ ተፈቀደ። ክትባቱ ከመጣ በኋላ ማርች 10 ቀን 2021 በሩ ሰፋ፤ የተከተበ አረጋዊ ማስክ ያደረገ ልጁን ማቀፍ ቻለ። ኖቬምበር 12 ቀን 2021 ለሁሉም፣ በማንኛውም ሰዓት ተከፈተ።

እሷ ያተኮረችው ግን ቋንቋው ላይ ነው። እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት የሚያማቸውን የሚነግሩት በልጃቸው አፍ ነበር። ልጃቸው ስትከለከል አስተርጓሚ በስልክ ማቅረብ የተቋሙ ግዴታ ነው፤ ቤተሰብ ይህን ካልጠየቀ ግን ብዙ ጊዜ አይቀርብም። በመስኮት መጠየቅ ሲኖር ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ፣ ፀሐይ መስታወቱ ላይ በማታንጸባርቅበት ሰዓት ይሁን፣ የጆሮ ማዳመጫቸው ባትሪ አስቀድሞ ይታይ። በቪዲዮ ጥሪ ደግሞ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ቴሌቪዥን እያዩ ስለሚመስላቸው ጠሪው መጀመሪያ ስማቸውን ጠርቶ፣ እናቴ ወይም እማማ ብሎ፣ ከፊቱ ላይ ማስኩን አውርዶ ይጀምር።

14ኛው በቁጣ መጣ። አዛውንቶቹን የገደላቸው ብቸኝነት ነው፣ ሕጉ ጭካኔ ነበር፣ የትም አገር ከመጀመሪያው መከልከል አልነበረበትም አለ። 15ኛው ቁጣውን ሳይንቅ አረመው። በማርች 2020 ክትባት አልነበረም፣ መመርመሪያ እጅግ ጥቂት ነበር፣ ሠራተኛውም ማስክ አልነበረውም፤ ያኔ መዝጋቱን መረዳት ይቻላል። ጥያቄው ለምን ተዘጋ ሳይሆን ለምን በቶሎ አልተፈተሸም ነው። ምሳሌው ሆላንድ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 በመላ አገሪቱ የአረጋውያን ቤቶችን ለጠያቂ ዘጋች፤ ሜይ 11 ላይ ግን 26 ቤቶችን መርጣ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ቋሚ ጠያቂ ፈቀደች፣ ምን እንደሚከተልም በጥናት ተከታተለች፤ ከዚያ ወደ ሌሎቹ አሰፋችው። ሁለት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነው። አንድ ቋሚ ሰው የሚለው ሐሳብ ከ3ኛው ምላሽ ካርድ ጋር እንደሚገጥም እኔም ልብ ብያለሁ።

ከዚያ ጠብ። 16ኛው ጥበቃዎች ላይ ዘመተ፤ ለዘመድና ለሚያውቁት ይከፍታሉ፣ ለገጠሬ ይዘጋሉ አለ። 17ኛው ደሙ ፈላ፤ ጥበቃው በኤጀንሲ የተቀጠረ፣ ማስክ በቁጥር የሚሰጠው፣ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ፊቱ ላይ እየጮኸ የሚውል ሰው ነው፣ ሐኪሙ በስልክ አስገባው ሲለው እምቢ ማለት የማይችል ሰው ነው፣ መጀመሪያ የሐኪሞቹን ስልክ ዝጉ ብሎ መለሰ። 18ኛው አስታራቂ ሆኖ ገባ፤ ሁለታችሁም ወንድሞቼ እውነት አላችሁ ብሎ። በሩ ላይ ልዩ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን ለጥበቃ አይሰጥ፤ ለአንድ ተረኛ ሱፐርቫይዘር ይሰጥ፣ የተፈቀደለት ሰው ምክንያቱ በመዝገብ ይጻፍ፣ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥባቸው ጉዳዮችም በዚያው በተለጠፈው ወረቀት ላይ ለሁሉም እንዲታዩ ይዘርዘሩ አለ። የተዘረዘረ ነገር ለጥበቃውም ጋሻ ይሆነዋል። እኔ ከ17ኛው ጋር ነኝ፤ ሕጉ ሲጎድል ስድቡን የሚበላው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው።

19ኛዋ አዋላጅ ነርስ ናት፤ የወላዶችን ጉዳይ እስካሁን ማንም አለማንሳቱ ገርሟታል። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜም ቢሆን ምጥ ላይ ያለች ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል፤ አብሮ የሚሆን ሰው ምጡን ያሳጥራል፣ በኦፕራሲዮን መውለድንም ይቀንሳል። ኒውዮርክ ውስጥ አንዳንድ ሆስፒታሎች ማርች 2020 ላይ ባልን ከማዋለጃ ክፍል ሲከለክሉ የግዛቱ አስተዳደር በቀናት ውስጥ ትእዛዝ አውጥቶ አስቆመው። እኛ ጋ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ቤት እንዳይወልዱ ለመሳብ ገንፎና ቡና ያዘጋጁ ነበር፤ ያ ሲቋረጥ ወደ ቤት የሚመለሱ እንደሚኖሩ መታሰብ ነበረበት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ተጣብቆ በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት መዋል አለበት፤ እናትን እንደ ጠያቂ ቆጥሮ በሰዓት ማስገባት ሕፃኑን ማሞቂያውን መንቀል ነው። እናት ብትያዝ እንኳ ማስክ አድርጋ፣ እጇን ታጥባ ታጠባለች። እዚህ ላይ የጨመረ እንጂ የተቃወመ አልነበረም።

20ኛው ከርዕስ ወጣ፤ ንስሐ አባት እንደ ጠያቂ ይቆጠራሉ ወይ ብሎ። ከዚያ ጠበል፣ ከጠበል ጾም ውስጥ በሽተኛ ወተት ይጠጣ አይጠጣ ድረስ ተኬደ። 21ኛው መልሶ ወደ ነገሩ አመጣው፤ ቄስም ሼህም ከ18ኛው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ፣ ጠበሉ በታሸገ ሃይላንድ በስም ይግባ፣ አንዱን ሃይላንድ አምስት አልጋ አይቀባበለው።

22ኛው መስኮቱን አነሳ፤ ዋርድ ውስጥ ለሚያድር አስታማሚ ከካርዱም ከመለኪያውም ይበልጣል ብሎ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለአንድ በሽተኛ በሴኮንድ 60 ሊትር ንጹሕ አየር ይላል፤ ያለ ማሽን ይህ የሚገኘው ትይዩ ያሉ መስኮቶች ሲከፈቱ ነው። ነገር ግን ነርሷ ከፍታ ስትሄድ አስታማሚው ብርድ ይመታዋል ብሎ ይዘጋዋል፣ ቀዳዳውንም በነጠላ ይወትፈዋል። ከሰው ጋር መጣላት አይሠራም። የላይኛው መስታወት ይከፈት፣ አልጋው ከነፋሱ መስመር ግማሽ ሜትር ፈቀቅ ይበል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጥ፣ ምክንያቱም ይነገር። አስታማሚው አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ሲተኛ ማስኩ እንቅልፍ ላይ ስለሚወልቅ ራሱን በበሽተኛው እግር በኩል ያድርግ። ካርቶን ላይ የተኛውን ሰው ራስጌ ድረስ ያሰበ ሰው መኖሩ ደስ አሰኝቶኛል።

23ኛው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊሞት ያለን ሰው ስለመሰናበት ነው። አንድ ሰው፣ ከሠራተኛ ጋር፣ ጋውን፣ ጓንት፣ ማስክና የዓይን መከላከያ አድርጎ ይግባ አለ። ሲያወልቅ ግን ማስኩን ያስቀደመ ነበር፤ 24ኛው ጠንከር ብሎ አረመው፣ ሰው የሚያዘው ሲያወልቅ ነው ብሎ። ጓንት መጀመሪያ፣ እጅን በአልኮል፣ ቀጥሎ ጋውኑን ውስጡን ወደ ውጭ እየጠቀለሉ፣ እጅን እንደገና፣ ከክፍሉ ወጥቶ በር ከተዘጋ በኋላ የዓይን መከላከያው፣ ማስኩ በመጨረሻ በማሰሪያው ተይዞ፣ ከዚያ እጅ። የሚያለቅስ ሰው ማስኩን አውርዶ ዓይኑን በጓንቱ ስለሚጠርግ አጃቢው ሠራተኛ ሶፍት ይዞ አጠገቡ ይቁም።

25ኛው ስልኩን አነሳ። በር ሲዘጋ ሃያ ዘመድ ወደ አንድ የዋርድ ስልክ ይደውላል፣ ስለዚህ ማንም አያነሳውም። ቤተሰቡ አንድ ተጠሪ ይምረጥ፣ ሆስፒታሉ በቀን ሁለቴ በታወቀ ሰዓት ራሱ ይደውልለት፣ በየፈረቃው የሚደውለው ሠራተኛ ስም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ።

26ኛው ከዚያ ቀጠለ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ለሚስት ደውሎ ባልሽ አረፈ ማለት ሌላ ሰው መግደል ነው፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሲነጋ ይነገራል። ሲተኛ ሁለት ስልክ ይመዝገብ፣ አንዱ ለዕለት ወሬ፣ ሁለተኛው ለዚያ ቀን፣ የቅርብ ያልሆነ ግን የሚታመን ሰው። 27ኛው ወዲያው ተቃወመ፤ ገና አልጋ ሳይዝ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሟርት ነው፣ ቤተሰቡ በሽተኛውን ይዞ ይመለሳል። 26ኛው ሳይቆጣ ነው የመለሰለት፣ በዚያው ምላሽ ውስጥ አርሞ፦ ቅጹ ላይ ሁለተኛ ተጠሪ ተብሎ ብቻ ይጻፍ፣ ካርድ ክፍል የሚቀመጠው ሠራተኛም ይህ ሰው ከቤቱ ውጪ የሚኖር ነው ወይ ብሎ ይጠይቅ። ያገሬ ሰው ለምን እንደተጠየቀ ይገባዋል፤ ቁጥሩን ይሰጣል።